በአድሬናል ዕጢ ሕመም የሚመጣ የኮርቲሶል መብዛት

በአድሬናል ዕጢ ሕመም የሚመጣ የኮርቲሶል መብዛት ከኩሺንግ ሲንድረም ዓይነቶች አንዱ ነው። ሲንድረሙ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1912 የመጀመሪያዋን ታማሚ በገለጸው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በሃርቪ ኩሺንግ ነው። (በአማርኛ «ዕጢ» ሁለት ነገር ስለሚጠራ፣ እዚህ ላይ ዕጢ የሚባለው ሆርሞን አመንጪው አካል ነው፤ በላዩ የሚበቅለው ቱመር ተብሏል።)

አድሬናል ዕጢዎች በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ 5 ግራም ያህል ይመዝናል። በጤናማ ሰው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይልካል፤ አድሬናልም በዚያው ልክ ኮርቲሶል ያመርታል። ኮርቲሶል ሲበዛ ፒቱታሪ መላኩን ይቀንሳል። በዚህ ሕመም ግን ትእዛዙ ቢቋረጥም ምርቱ አይቆምም። ኮርቲሶል በዝቶ ኤሲቲኤች እጅግ ዝቅ ካለ መንስኤው አድሬናል ውስጥ ነው።

== መንስኤዎች ==
አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በአንዱ ዕጢ ላይ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ አዴኖማ ነው። የአድሬናል ካንሰር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚይዝ ቢሆንም ክፉ ነው፤ የወንድ ሆርሞንም ስለሚያመነጭ ሴቶች በድንገት ጢም ሊያበቅሉ ይችላሉ። አልፎ አልፎ ሁለቱም ዕጢዎች ጓጉለው ያድጋሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከአንጀት ለሚመነጭ ሆርሞን ምላሽ ስለሚሰጡ፣ የታማሚው ኮርቲሶል ምግብ በበላ ቁጥር ይጨምራል።

== ምልክትና ምርመራ ==
ፊት ይከባል፣ ሆድ ይሰፋል፣ እጅና እግር ግን ይቀጥናሉ፤ ሆድ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሸንተረሮች ይወጣሉ። ውፍረቱ «ተመቸው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ከጭን ጡንቻ ድካም የተነሣ ከመቀመጫ መነሣት ሲያቅት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪም አስቀድሞ ስለ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶንና የቆዳ ቅባት ይጠይቃል፤ ከሁሉ የበዛው የኩሺንግ ሲንድረም መንስኤ መድኃኒት ነውና። ከዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ተውጦ ጠዋት 2 ሰዓት ደም ይመረመራል። ቱመሩን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ከምዕራብ ጎጃም ሪፈራል የሚቀበሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች በባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው።

== ሕክምና ==
አዴኖማ ያለበት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። የቀረው ጤናማ ዕጢ ለረጅም ጊዜ ትእዛዝ ስላልደረሰው ተኝቷል፤ እስኪነቃ ድረስ ታማሚው ለወራት ሃይድሮኮርቲሶን ይወስዳል። ተሽሎኛል ብሎ በድንገት ያቋረጠ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ ትኩሳት ወይም ትውከት ሲገጥመውም የክኒኑ መጠን መጨመር ወይም በመርፌ መሰጠት አለበት። ስለዚህ ወደ ዱርቤቴም ሆነ ወደ ቡሬ የሚመለስ ታማሚ ክኒኑን ሳያልቅ መተካት፣ በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያም ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።