«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የክላውድ ሀብት አመዳደብ ለተገልጋዮች ያለው ፋይዳ

ከመቂ ወይም ከባቱ ተነሥቶ ለአንድ ማስረጃ አዳማ የደረሰ ተገልጋይ «ሲስተም የለም» የሚል ምላሽ ሲሰጠው የመጓጓዣ ወጪውንና የሥራ ቀኑን ያጣል። ይህ ምላሽ በአብዛኛው ከሦስት ምክንያቶች አንዱን ያመለክታል፦ የኤሌክትሪክ መቋረጥ፣ የኔትወርክ መስመር መቋረጥ ወይም የሰርቨር መጨናነቅ። ይህ ማብራሪያ ሦስተኛውን ይመለከታል።

ክላውድ ምንድን ነው?

ቀደም ሲል እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ሰርቨር ገዝቶ በግቢው ያስቀምጥ ነበር። በክላውድ አሠራር ግን በርካታ ተቋማት በአንድ የዳታ ማዕከል የሚገኙ ሰርቨሮችን በጋራ ይጠቀማሉ። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌክላውድ» በሚል ስያሜ ይህን መሰል አገልግሎት ለተቋማት ያቀርባል።

አሠራሩን ከአዳማ ብዙም ከማይርቀው የቆቃ ግድብ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በግድቡ የተጠራቀመው የአዋሽ ውኃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከግድቡ በታች የሚገኙት የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎችም ከዚሁ ወንዝ በመስኖ ይለማሉ። ውኃው ውሱን በመሆኑ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወሰነው በአለቃቀቁ ሥርዓት ነው። የክላውድ ሀብትም እንዲሁ በደንብ ይደለደላል።

ደንቡ ለምን ይስተካከላል?

የክላውድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ከተዘጋጀ መነሻ ደንብ ጋር ይቀርባሉ። ለምሳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና በነጻ የሚገኘው ኦፕንስታክ ለብዙ ዓመታት በመነሻ ደንቡ አንድን የፕሮሰሰር ኮር ለ16 ቨርቹዋል ኮሮች ያካፍል፣ ሜሞሪንም እስከ 1.5 እጥፍ ይመድብ ነበር። የደንቡ መነሻ ሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ አይሠራም የሚል ግምት ነው።

ይህ ግምት ለመንግሥት አገልግሎት ሁልጊዜ አይሠራም። መሥሪያ ቤቶች ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይከፈታሉ፤ ግብር ከፋዮች በሐምሌ ይበዛሉ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲለቀቅም ተማሪዎችና ወላጆች በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ስለዚህ መነሻ ደንቡን ከአገልግሎቱ ባሕርይ ጋር ማጣጣም ያስፈልጋል።

ዋና ዋና ማስተካከያዎች

• ኮታ፦ አንድ ተቋም ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። የአንዱ ሥራ የሌላውን ድርሻ እንዳይሻማ ይከላከላል።
• የተጠበቀ ድርሻ፦ እንደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላሉ አገልግሎቶች ምንጊዜም የማይነካ መጠን ይያዛል።
• የማካፈያ ምጣኔ፦ ተገልጋይ ፊት ለፊት ለሚጠብቃቸው ሥራዎች አንድን ኮር ለጥቂቶች ብቻ ማካፈል፣ ለሙከራና ለመዝገብ ማከማቻ ሥራዎች ደግሞ ለብዙዎች ማካፈል ይቻላል።
• ራስ ሰር ማስፋፊያ፦ ጫና ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ተጨማሪ ቨርቹዋል ማሽን ይከፈታል፤ ሲቀንስ ይዘጋል።
• ቅድሚያ፦ ሀብት ሲያጥር የትኛው ሥራ እንደሚቆይ አስቀድሞ ይወሰናል። ለምሳሌ ወርኃዊ ሪፖርት ለሌሊት ተላልፎ የሞጆ ደረቅ ወደብ ደንበኞች ሰነድ በቀን እንዲስተናገድ ማድረግ ይቻላል።

የመጨረሻው ማስተካከያ ከቴክኒክ ባለፈ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። ማን እንደሚጠብቅ መወሰን ያለበት የተገልጋዩን ጉዳት በሚያውቅ የሥራ ኃላፊ እንጂ በሶፍትዌሩ መነሻ ደንብ መሆን የለበትም።

የአሠራሩ ውሱንነት

ጥሩ የሀብት አመዳደብ የተቋረጠን መብራት ወይም የኔትወርክ መስመር አይተካም። ራስ ሰር ማስፋፊያም ተጨማሪ ማሽን እስኪያስነሣ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ቀናቸው አስቀድሞ ለሚታወቁ ጫናዎች ቀድሞ መዘጋጀት ይገባል። መረጃው በየትኛውም ሰርቨር ቢቀመጥ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተደነገገው ግዴታ ተፈጻሚ ነው።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. «ሲስተም የለም» ሲባል መብራት፣ ኔትወርክ ወይስ የሰርቨር መጨናነቅ እንደሆነ መጠየቅ። መብራት ወይም ኔትወርክ ከሆነ የሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊሠራ ይችላል፤ የማዕከል ሰርቨር ከሆነ ግን ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ሻሸመኔ መሄድ ላይጠቅም ይችላል።
2. በኦንላይን የሚሰጡ አገልግሎቶችን በተቻለ መጠን ጫና በሚቀንስበት ማለዳ ወይም ምሽት መጠቀም።
3. ገጹ ሲዘገይ የማስገቢያ ቁልፉን ደጋግሞ አለመጫን። እያንዳንዱ ጭነት አዲስ ጥያቄ ሆኖ መጨናነቁን ያባብሳል።
4. ክፍያ በመሐል ከተቋረጠ ዳግም ከመክፈል በፊት የግብይት ቁጥሩን ማረጋገጥ።
5. የማመልከቻ ቁጥርን መዝግቦ መያዝ፤ የይለፍ ቃልን ለማንም አለመስጠት።
6. መስተጓጎሉ ከተደጋገመ ቀንና ሰዓቱን በመጥቀስ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ። በተቋሙ የዜጎች ቻርተር የተቀመጠውን የአገልግሎት ጊዜ ማጣቀስ ይቻላል። አጥጋቢ ምላሽ ካልተገኘ አቤቱታው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል።

ቀንና ሰዓት የተጠቀሰበት ቅሬታ ጫናው መቼ እንደሚበረታ ስለሚያሳይ፣ ባለሙያዎች ኮታውንና የተጠበቀውን ድርሻ ለማስተካከል የሚጠቀሙበት ተጨባጭ መረጃ ይሆናል።