የጎተራው ዘበኛ

በጉንደ ወይንና በአካባቢው ውሻ ሲባል በሰው ልቡና የሚታሰበው ሌሊት ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ ጅብ የሚያባርረው ትልቁ ያገራችን ውሻ ነው። እኔ ግን ላስተዋውቅ የተነሣሁት ቁመቱ ከጉልበት የማያልፈውን፣ ጠጉሩ የሻከረውን፣ አንድ ጆሮው ቆሞ ሌላው የታጠፈውን፣ አባቱ ቴሪየር እናቱ ያበሻ የሆነችውን ዲቃላ ውሻ ነው፤ ከእንዲህ ያለው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የኖረ ሰው እንደሚመሰክረው፣ «የፈረንጅ መጫወቻ» እየተባለ መናቁ እጅግ አላግባብ ነው።

ቴሪየር በእንግሊዝ አገር ለሥራ ተብሎ የተራባ ዘር ነው፤ ሥራውም ቀበሮን ከጉድጓዷ ማስወጣትና ጎተራን ከአይጥ ማጽዳት ነበር። ከዝርያዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዴቨን አውራጃ ያገለግሉ በነበሩት በቄስ ጆን ራስል (1795–1883) ስም ነው፤ ካህን ውሻ ማርባታቸው ለእኛ ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ ጦቢያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደ በመጽሐፈ ጦቢት የምናነብ ሕዝብ ነንና ልንደነቅ አይገባንም። መቻል የሚባለው የእኔው ውሻ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ከጎተራው እግር ሥር አፍንጫውን አስገብቶ፣ አንገቱን ዘንበል፣ አንድ የፊት እግሩንም አንሣ አድርጎ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል፤ አይጧ ብቅ ስትል ማጅራቷን ይዞ አንድ ጊዜ ያርገፈግፋታል፣ በዚያው ነገሩ ያልቃል፤ ሳይበላትም ትቷት ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ ማዋል በደል ነው፤ ሥራ ያጣ ቴሪየር የጎመኑን መደብ ቢቆፍር፣ ጫማም ቢያኝክ፣ ጥፋቱ የአሳሪው ነው። እርሱ ባለበት ቤትም የአይጥ መርዝ ማኖር አይገባም፤ የተመረዘችውን አይጥ ቢበላ መርዙ ለእርሱም ይተርፋልና።

አሁን ወደምቆረቆርለት ነገር ልግባ። «ውሻ ምን ይሆናል፣ ያገኘውን ይበላል» የሚል ሥር የሰደደ እምነት በመካከላችን ስላለ፣ ከማዕድ የተረፈው ወጥ ሁሉ፣ የድስቱም ጥራጊ ሳይቀር፣ ለውሻው ይገለበጥለታል። ነገር ግን የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትም፣ ቀዩም ሆነ ነጩ፣ ለውሻ መርዝ ነው። በውስጡ ያለው ድኝ አዘል ንጥረ ነገር የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ኃይሉንም መቀቀል ወይም ማቁላላት አያጠፋውም። የእንስሳት ሕክምና ሊቃውንት እንደሚሉት በውሻው አንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል፤ ይህም ስድስት ኪሎ ለሚመዝነው መቻል 90 ግራም፣ ማለት አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። «የጎረቤቴ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ወጥ በልቶ ምንም አልሆነ» የሚለው ክርክር የማያዋጣውም ስለዚህ ነው፤ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝነው የጎረቤት ውሻ የሚችለውን ስድስት ኪሎው አይችለውም። ይልቁንም ክፋቱ ምልክቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው፤ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ባለቤቱም «ምች መታው» ወይም «ሰው አየው» እያለ ሲመራመር የወጡ ነገር ከልቡ ጨርሶ ወጥቷል።

ይህ አደጋ ዓመቱን ሙሉ ቢኖርም የሚበረታው በትንሣኤ ማግሥት ነው። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር በደረቅ እንጀራ የከረመው ውሻ ያሳዝንና፣ በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት የፈጀው የዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ ይቀርብለታል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር ሹል ስለሚሆን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር፤ እመቤቲቱ ሥጋው ከቁሌቱ ከመግባቱ በፊት ለውሻው የሚሆን ቁራጭ ለይታ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ብትቀቅልለት ይበቃል። በጾሙም ወራት እንጀራውን በአጓት አርሶ፣ ሲገኝም የተቀቀለ እንቁላል ጨምሮ መስጠት ነውር የለበትም። የነነዌን እንስሳት ጾም እየጠቀሱ የሚከራከሩኝ አሉ፤ የንስሐ አባቴ ግን ያ ለአንዲት ከተማ በመከራዋ ቀን የታወጀ ነው ብለው መልሰውልኛል።

የቀረው ጥቂት ነው። ለክረምቱ ብርድ ጭድ የተሞላ ጆንያ፣ ለመዥገር ከዝናብ በኋላ ጆሮውንና ብብቱን መዳሰስ፣ ከዕርድም ጊዜ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ፈጽሞ አለመስጠት፤ ከዚያ የሚገኘው ትል በውሻው በኩል ወደ ሰው ይመጣልና። የእብደት በሽታን ክትባት በየጊዜው ማስወጋት ግዴታ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጠበሉን አልነቅፍም፣ በጠበሉ ምክንያት ክትባቱን የሚያዘገየውን ግን እወቅሳለሁ፤ በሽታው አንድ ጊዜ ምልክቱን ካሳየ ማዳኛ የለውምና።

ከብትና በቅሎ ማከም የለመደ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ትንሽ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ክብደቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። እኔ መቻልን በዘንቢል አድርጌ በእህል ነጋዴው ሚዛን አስመዝነዋለሁ፤ የዘንቢሉ ክብደት ሲቀነስ የሚቀረውን ቁጥር ጽፌ እይዛለሁ፣ የትል መድኃኒቱ የሚለካው በዚያ ነውና።