የኪስ አልትራሳውንድ ገበያ፤ ርካሹ የትኛው ነው?

አልትራሳውንድ ሲባል በጎማ እየተገፋ ከክፍል ክፍል የሚዘዋወር ከባድ ማሽን ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ ከሐኪሙ ጋዋን ኪስ የሚገባና ከስማርት ስልክ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ መሣሪያ በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጣል። ይሁን እንጂ ክሊኒኩም ሆነ አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ የሠፈረውን ዋጋ ብቻ አወዳድሮ ከወሰነ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሊሆን ይችላል። አምራቾቹ ገንዘባቸውን የሚሰበስቡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለምና።

ከጦር ግንባር ወደ ገበያ

የዘርፉ አንዱ መነሻ የጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ፣ ቁስለኛ በግንባር የሚመረመርበት ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ እንዲሠራ ኤቲኤል ለተባለው አምራች ገንዘብ ሰጠ። ከዚሁ ሥራ በ1998 ሶኖሳይት የተባለ ኩባንያ ተለይቶ ወጣ። የጃፓኑ ፉጂፊልም ይህን ኩባንያ በ2012 የገዛው በ995 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ጂኢ በበኩሉ መዳፍ ላይ የሚያርፈውን ቪስካን በ2009 ይፋ አደረገ። ፊሊፕስ ከታብሌትና ከስልክ ጋር የሚሠራውን ሉሚፋይ በ2015 አስከተለ። የካናዳው ክላሪየስ ገመድ አልባውን መሣሪያ ሲያቀርብ፣ ባተርፍላይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ በ2017 የአገሩን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ ከ2,000 ዶላር በታች የሚሸጥ መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። የዋጋ ፉክክሩ የተጋጋለው ከዚህ በኋላ ነው።

ክሪስታልና ቺፕ

የዋጋው ልዩነት በከፊል ከአሠራር ይመነጫል። በተለመደው አልትራሳውንድ ፕሮብ ውስጥ ያሉ ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ይርገበገባሉ፤ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካሉ፤ ተመልሶ የሚመጣውንም ወደ ምስል እንዲለወጥ ያቀብላሉ። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ግን ጥልቀት የለውም። ለደም ሥርና ለእንቅርት ምርመራ የሚመረጠው ይህ ነው። ዝቅተኛው ደግሞ ለሆድና ለእርግዝና በጥልቀት ይገባል፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ክሪስታል የሚጠቀሙ አምራቾች ለየሥራው የተለያየ ፕሮብ ይሸጣሉ። ለምሳሌ የሉሚፋይ ገዢ ለሆድ፣ ለልብና ለቆዳ ቅርብ ምርመራ የተለያዩ ፕሮቦችን መግዛት ይኖርበታል። ጂኢ በ2021 ባወጣው ቪስካን ኤር ሁለት ዓይነት ፕሮብ በአንድ ዕቃ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ አድርጓል።

ባተርፍላይ ክሪስታሉን ትቶ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ከበሮ መሰል አካላትን በአንድ ቺፕ ላይ ደረደረ። ቺፕ በብዛት ሲመረት ዋጋው ይወርዳል፤ አንዱ ፕሮብም ለመላው ሰውነት ይሠራል። በአንጻሩ የምስሉ ጥራት በየሥራው ለብቻው ከተሠራ የክሪስታል ፕሮብ ጋር መወዳደር ያለበት በካታሎግ ሳይሆን ባለሙያው በዓይኑ አይቶ ነው።

ስሌቱ

የባተርፍላይ የመጀመሪያ ሞዴል በአሜሪካ የቀረበው በ1,999 ዶላር ሲሆን፣ የግለሰብ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያው 420 ዶላር ነበር። በአምስት ዓመት ክፍያው 2,100 ዶላር ይደርሳል፤ ድምሩ 4,099 ዶላር ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ወጪ በመጀመሪያው ፕሮፎርማ ላይ አልነበረም ማለት ነው። በ2024 የወጣው ሦስተኛው ሞዴል ደግሞ የመነሻ ዋጋው ወደ 3,899 ዶላር ከፍ ብሏል።

ሉሚፋይ በአሜሪካ ገበያ ሲጀምር በወር ከ199 ዶላር ክፍያ ጀምሮ ይገኝ ነበር። ለጀማሪ ሐኪም ካፒታል ስለማይጠይቅ ቀላል ይመስላል፤ በዓመት ግን 2,388 ዶላር፣ በአምስት ዓመት 11,940 ዶላር ይሆናል።

ለኢትዮጵያ ገዢ ጉዳዩ ይከብዳል። መሣሪያው አንድ ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ሲጠይቅ፣ አባልነቱ በየዓመቱ ይጠይቃል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን፣ በዶላር የማይለወጥ ክፍያ በብር ሊለወጥ ይችላል።

አምራቹስ ይቆያል?

መሣሪያው በስልክ ፕሮግራም የሚሠራ በመሆኑ የአምራቹ ጤንነት የገዢውም ጉዳይ ነው። ባተርፍላይ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ሲገባ አክሲዮኑ ከ20 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ወራት ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ኋላ ላይ አገግሟል። ጂኢና ፊሊፕስ ሰፊ አቅም አላቸው፤ ሆኖም ለትልቅ ኩባንያ አነስተኛ ምርትን ማቋረጥ አይከብደውም። የቻይናው ማይንድሬይም በገመድ አልባ መሣሪያ ውድድሩን ተቀላቅሏል።

ፍላጎቱ ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታገኝ መክሯል። የጌትስ ፋውንዴሽንም በ2022 ከሰሐራ በታች ላሉ 1,000 የጤና ባለሙያዎች መሣሪያና ሥልጠና እንዲዳረስ ለባተርፍላይ 5 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። መሣሪያው ያለ ሥልጠና አለመሰጠቱ ለሻጭ ትምህርት ነው፤ ምስሉን ማንበብ የማይችል ገዢ ተመልሶ አይገዛም።

ኤልሲ ከመክፈት በፊት

አስመጪው አስቀድሞ መሣሪያው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምዝገባ መስፈርት ማለፉን ማረጋገጥ አለበት። ቀጥሎ ከአምራቹ በጽሑፍ መልስ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች አሉ። ዓመታዊው ክፍያ ቢቋረጥ የትኛው አገልግሎት ይቆማል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? በየትኞቹ ስልኮች? ባትሪው ይለወጣል? ፕሮቡ ወድቆ ቢሰበር ጥገናው የት ነው፣ ዋስትናውስ ይሸፍነዋል? እነዚህ መልሶች ከአምስት ዓመቱ ወጪ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲሠፍሩ፣ በመጀመሪያ ዋጋው ርካሽ የነበረው መሣሪያ ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይገኝም።