እሩርና የልጆች ግንባር

ታኅሣሥ 29 ሲመጣ፣ በሰቆጣም ሆነ በሌላው ቦታ፣ የገና ጨዋታ ወጉ ነው። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ እሩሩን፣ ማለትም ኳሱን፣ ይለጋል። ከእንጨት የተጠረበ እሩር ሲፈናጠር ግንባር ቢያገኝ ቀላል አይደለም፤ የልጆቹ ራስ ግን አልተሸፈነም።

የገና ጨዋታን በሚመስለው በበረዶ ሆኪ ሕፃናት ያለ ሄልሜት አይጫወቱም። «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ የተገዛ ሰፊ ሄልሜት ግን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባርን ያጋልጣል። የራስን ዙሪያ ከቅንድብ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ይበጃል። ልጁ ራሱን ሲወዘውዝ ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ልኩ አይደለም። በማሰሪያውና በአገጩ መካከል አንድ ጣት ብቻ ይግባ። ከባዱን ደግሞ ልጅ አውልቆ ይጥለዋል።

ሄልሜት እስኪገኝ ትንንሾቹ ከጎረምሶቹ ተለይተው፣ በጨርቅ እሩር ቢጫወቱ ምን አለበት?