ቃሪያ ስንግን እንደ ህንዶች ማብሰል

ለወረቀት ጉዳይ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ ሳለ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። ትምህርቱን አቋርጦ ከካምፕ ከወጣ በኋላ የህንድ ምግብ በሚሠራበት ቤት ዕቃ ማጠብ ጀመረ። አሁን ሽንኩርት ከመክተፍ አልፎ ድስት ይጥዳል። ማታ ቤቱ ወስዶ ያበላኝን ምግብ ነው ዛሬ የማስረዳችሁ።

ህንዶች «ባርዋን ሚርቺ» ይሉታል፤ የተሞላ ቃሪያ ማለት ነው። «እንዴ፣ ይሄማ የኛው ስንግ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ልዩነቱ እኛ ቃሪያውን በሽንኩርትና በቲማቲም ሞልተን ጥሬውን ማባያ እናደርገዋለን፤ እነሱ ግን ቅመም በገባበት የሽምብራ ዱቄት ሞልተው ያበስሉታል። ስለዚህ ራሱ ወጥ ይሆናል። ሽምብራ ገንቢ ምግብ በመሆኑ ሥጋ በሌለበት ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ቃሪያ ለህንዶችም ለኛም እንግዳ ነበር። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን ወደ ህንድ ያስገቡት በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው። ዛሬ ግን ማን እንግዳ ይለዋል?

ለ4 ሰው የሚያስፈልገው፦
- ትልልቅ ቃሪያ 8
- የሽምብራ ዱቄት 2 የቡና ስኒ
- የተፈጨ ከሙንና ድምብላል አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ
- እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ
- ግማሽ ሎሚ፣ ጨው

አሠራሩ፦
1. ቃሪያውን አጥባችሁ አድርቁ። በአንድ ጎኑ ብቻ ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ። እንጨቱ አይቆረጥ፤ ቃሪያው እንዳይበታተን የሚይዘው እሱ ነው። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።
2. ዱቄቱን ያለ ዘይት በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ ቁሉት። ቀለሙ ጠቆር ሲልና ቆሎ ቆሎ ሲሸት አውርዱ። እኔ በራሴ ስሞክር ይህን ዘልዬ ነበር፤ ሙሌቱ ጥሬ ጥሬ አለ፣ ጥርስ ላይም ተጣበቀ።
3. ቅመሙን፣ ጨውን፣ ሎሚውንና ግማሹን ዘይት ጨምራችሁ በእጅ እሹት። ሲጨብጡት የሚይዝ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ይሁን።
4. ቃሪያውን ሙሉ፤ ግን አትጠቅጥቁት። ዱቄቱ እርጥበት ሲስብ ያብጣል።
5. በቀረው ዘይት ላይ ስንጥቁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድሩና ክደኑት። ከቃሪያው የሚወጣው እንፋሎት ራሱ ያበስለዋል። በቀስታ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ለከሰልም ቆጣቢ ነው። በመሐል ቀስ ብላችሁ ጎን ጎኑን አገላብጡ፤ ከደረቀ ጥቂት ውሃ እርጩበት።

የሽምብራ ዱቄት ካጣችሁ የሽምብራ ሽሮ ይሆናል። ሽሮው አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ትንሽ ብቻ አሙቁት። ቅመም ካለው ደግሞ ቅመሙንና ጨውን ቀንሱ።

ታዲያ ልኩን ስጠይቀው ልጁ «በዓይን ነው ቲቸር» አለኝ። «ለጋዜጣችን በዓይን አይጻፍም» አልኩትና በማግሥቱ ስኒና ማንኪያ ይዘን አብረን ለካን። ለ4 ሰው 2 ስኒ ከሆነ ለ30 ሰው ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። አፌን ሳልዘጋ «15» አለ። ከክፍል ያሸሸው ትምህርት እኮ ይኸው ሂሳብ ነበር! ለካ በየቀኑ ድስት ላይ ሲሠራው ኖሯል።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ለምን አቋረጥክ ብዬ ልቆጣው አልቻልኩም። ወደ ትምህርቱ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ስንለያይ ግን ልኩን የጻፍንበትን ደብተር «ለኔ ተወው» ብሎ አስቀርቶታል። መምህራን ሆይ፣ ክፍል ውስጥ ሂሳብ አልገባ ያለውን ልጅ እስቲ እናቱ ምን እንደምታበስል ጠይቁት።

ለተማሪዎች፦ ለ30 ሰው ስንት ቃሪያ ያስፈልጋል? መልካም ምግብ!