የቱ ቆዳ ለየትኛው መቀመጫ?

በደቡብ ጎንደር ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ የቆየ የገበሬ ቤት የሚያውቅ ሰው ቆዳ በየቦታው ምን ይሠራ እንደነበር ያስታውሳል። መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል፤ እንግዳ ሲመጣ አጎዛ ይዘረጋለታል፤ አልጋው በጠፍር የተጠለፈ ነው፤ የመንገድ ስንቅ በስልቻ ይያዛል። ሁሉም ቆዳ ነው፤ አንዱ ግን የሌላውን ቦታ አይወስድም። ክብደት የሚሸከመው ከበሬ፣ የሚሞቀው ከበግ፣ የሚቋጠረው ከፍየል ነው። ዛሬ ሶፋ የሚያሠራ ሰው «እውነተኛ ቆዳ ነው?» ብሎ ከጠየቀ የጨረሰ ይመስለዋል። የምን እንስሳ ቆዳ ነው? እንዴት የለፋ ነው? ከየትኛው የገላው ክፍል ተቆረጠ? ምን ዓይነት ቤት ውስጥ ሊቀመጥ ነው? ዋናዎቹ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ከጥሬውና ከለፋው እንጀምር። ጠፍር ያልለፋ የበሬ ቆዳ ነው። ተፍቆ በረጅሙ ይሸነሸናል፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይርሳል፤ ከዚያ እርጥብ እንዳለ በአልጋው ጠርዝ ቀዳዳዎች እየገባ ይጠለፋል። ሲደርቅ ይሰበሰብና ይወጠራል። ከበሮም የሚጮኸው በዚሁ ጠባዩ ነው። ክረምት ላይ ጠፍሩ እርጥበት ሲጠጣ ትንሽ ይረግባል፤ በጋ ሲገባ እንደገና ይከራል። ትኋን ለማጥፋት የፈላ ውኃ የሚያፈስበት ሰው ግን አልጋውን ይጎዳል፤ ጥሬ ቆዳ ውኃው ሳይፈላ ገና 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይኮማተራል። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ቆዳ የፈላ ውኃ እንኳ ሊችል ይችላል፤ በዛፍ ቅርፊት የለፋው በሁለቱ መካከል ነው። ማልፋት ማለት ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ቆዳው እንዳይበሰብስና ሙቀትን እንዲቋቋም ውስጡን መለወጥ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ዕቃ ላይ ማየት የሚፈልግ የብራና መጽሐፍ ይመልከት። ጋይንት ለዚህ ሩቅ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመሰከርባቸው ቦታዎች፣ የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ በዚያው አካባቢ ናቸው። ቅጠሉ ያልለፋ ሌጦ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፍየል። ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ እንደተወጠረ ይደርቃል። የእንጨት ገበታውን የሚያለብሰው ቆዳና መጽሐፉ የሚገባበት ማኅደር ግን የለፉ ናቸው፤ መታጠፍ፣ መታሸትና መሸከም አለባቸውና። መቀመጫ የሚያለብስ ሰውም የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የበግ ሌጦ ብዙዎችን ያታልላል። እጅ ላይ ሲያርፍ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ የኢትዮጵያ የበግ ሌጦም በዓለም ገበያ ለጓንት ይፈለጋል። ለጓንት ያስመረጠው ስስነቱና ልስላሴው ግን ለሶፋ ድካሙ ነው። የላይኛው ሽፋንና የታችኛው ክፍል እርስ በርስ አጥብቀው አልተያያዙም፤ ሰው ደጋግሞ ሲቀመጥበት ይላላል፣ ከስፌቱም ይተረተራል። ለጉና ተራራ ዙሪያ በግ የሚሻለው ሱፉን ይዞ አጎዛ መሆን ነው፤ በእንጨት ወንበር ላይ ሲነጠፍ ብርዱን የሚከለክለው ሱፉ ስለሆነ። የፍየል ሌጦ ከበጉ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። ለትራስ፣ ለበርጩማ፣ ለወንበር መቀመጫ ይሆናል፤ ሶፋ ለማልበስ ግን ትንሽ ስለሆነ ስፌት ይበዛበታል።

ለሶፋ እንግዲህ የከብት ቆዳ ነው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማያንስ፣ ከ1.4 ብዙም የማይበልጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ የሳሳው ይቀደዳል፤ የወፈረው ጥግ ላይ አይታጠፍም። እዚህ ላይ የአገራችን ገበያ ወጥመድ አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ ጣለበት፤ ፋብሪካዎቹ አገር ውስጥ ወደ ማልፋት ገቡ። የሚያወጡት ግን በአብዛኛው ለጫማ፣ ለጓንትና ለልብስ የሚሆን ነው። ስለዚህ ሶፋ ሠሪው ይዞ የሚመጣው ያለቀ ቆዳ የጫማ ፊት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ቆዳ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ስለሚል ስፖንጁ ላይ ተመቻችቶ አይተኛም። «ለሶፋ የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ካልሆነም እጥፍ አድርጎ መጭመቅ ያዋጣል።

ቀጥሎ አቆራረጡ። የበሬ ቆዳ እንደ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አይደለም። ጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሆዱና ብብቱ ይለጠጣል። መቀመጫውና የእጅ ማሳረፊያው ከጀርባ፣ ሰው የማይነካው የሶፋው ኋላ ደግሞ ከሆድ ቢሆን ሶፋው ዕድሜ ያገኛል። የደጋው በሬ ሌላም ችግር ይዞ ይመጣል። ዘመኑን ያረሰ ስለሆነ አንገቱና ትከሻው ላይ ቀንበር የጣለው ጠባሳ አለ፤ ገላው ላይ የጅራፍ፣ የእሾህና የመዥገር ምልክት አይጠፋም፤ ሻኛውም ቆዳውን ጎብጦ እንዲደርቅ ያደርገዋል። በግና ፍየሉን የሚያበላሸው እከክ ነው፤ ተባዩ ያቆሰለው ቦታ ሌጦው ለፍቶ ቀለም ከገባ በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ገፋፊው በቢላ የሚቀደው ሲጨመር ባለቤቱን ሳይጠቅም የሚቀረው ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ በየፋሲካው ቆዳ መንገድ ላይ ሲጣል አይተናል፤ ያሳዝናል።

ጠባሳ ያለበት ቆዳ ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። ፋብሪካ ጠባሳውን በሁለት መንገድ ይይዘዋል። አንደኛው ላዩን ሳይሸፍን ቀለም ብቻ ማጠጣት ነው፤ አኒሊን ይባላል፤ ለዚህ የሚመረጠው ንጹሑ ቆዳ ነው። ሁለተኛው ላዩን ፍቆ ወይም አለስልሶ ቀለም መለበጥ ነው። ዋጋው የሚወደደውና የሚያምረው አኒሊኑ ነው። እኔ ግን ለደጋው ቤት አልመርጠውም። ምድጃ ካለ ጢስ አለ፤ ፀጉሩን ቅቤ የተቀባ እንግዳ ራሱን ሲያስደግፍ አኒሊኑ ቅቤውን ጠጥቶ ያስቀረዋል። የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ብዙ ባታቃጥልም ቀለም ታነጣለች፣ ቆዳም ታሰነጥቃለች። የተለበጠው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ለመለየት የማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ማሳረፍ ነው፤ ሰርጎ ካጠቆረ አኒሊን ነው፣ ላዩ ላይ ከቆመ የተለበጠ። ወደ አባይና ወደ በሽሎ በረሃ የወረደ የስማዳ ቤት ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ የተለበጠ ቆዳ ላብ ላይ ይጣበቃል፣ የጠፍር ወንበር ነፋስ ስለሚያሳልፍ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ «ሌዘር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ስለሆነ ገዥውን አልወቅስም፤ በቆዳ ዋጋ የሚሸጠውን ግን እወቅሳለሁ። ከሱ የሚከፋው ብጥስጣሽ ቆዳ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረው ነው፤ ስሙ ቆዳ ነው፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቅርፊቱ ይረግፋል። የተቆረጠ ጠርዝ አስገልብጠው ይዩ፤ እውነተኛው የተጠላለፈ ቃጫ አለው፣ የውሸቱ የጨርቅ ክር ያሳያል። ላይተር ማስጠጋት የተለመደ ነው፤ ቆዳ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ ይህ ግን በቁራጭ ላይ እንጂ በሶፋው ላይ አይደረግም። አንዳንድ ሶፋ ደግሞ የሚቀመጡበት ብቻ ቆዳ ሆኖ ጎኑና ኋላው ሌዘር ነው። ይህ ማጭበርበር የሚሆነው ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ተነግሮ ዋጋው ከተቀነሰ ጥሩ ቁጠባ ነው።

ለእንክብካቤው ኦሞ፣ በረኪናና ነጭ ጋዝ አይጠጋው፤ ለብ ባለ ውኃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ሶፋው ሲያልቅ የተረፈውን ቁራጭ ከሠሪው መቀበል አይረሳ፤ ነገ ሲቀደድ ከሌላ ቆዳ የሚመጣ ማጣፊያ በቀለምም በውፍረትም አይገጥምም።