በስልክ ውስጥ ስለ ተከፈተው የትምህርት ክፍል

በ2012 ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ልጆቻችን ከትምህርት ተለይተው በቤት መዋላቸውን የልጅ አባትና እናት የሆነ ሁሉ አይዘነጋውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ መምህራን በስልክና በኮምፒዩተር የሚያስተምሩበትን መንገድ ሲሞክሩ ቈይተዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምረው ባለቤቴም ባለፈው ዓመት ጉግል ክላስሩም የሚባለውን ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿ ጋራ ሞክራው ነበርና፥ በቤታችን ያየነውን ለአንባቢዎች እነግራለሁ።

ይህ መሣሪያ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2014 ዓመት ለትምህርት ቤቶች ያለ ዋጋ የቀረበ ሲሆን፥ በ2017 ደግሞ ማንም ሰው በግል የኢሜይል አድራሻው ክፍል እንዲከፍትበት ተፈቅዷል። መምህሩ ለክፍሉ ስም ባወጣለት ጊዜ አጭር የመግቢያ ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቱን የተቀበለ ተማሪ ይገባል። አንድ ጊዜ የተዘጋጀው የጥያቄ ወረቀት ለእያንዳንዱ ልጅ በየስሙ ይባዛል፤ ልጁ ጽፎ ያስረክባል፥ መምህሩም አርሞ ይመልስለታል። በሁለቱ መካከል ብቻ የሚታይ የማስታወሻ ስፍራም አለው። ባለቤቴ የስልሳ ልጆች ደብተር በከረጢት ተሸክማ መምጣት ስለ ቀረላት ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ስሕተት ተገኘ። ለልጆቹ በቃል «እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አስረክቡ» ካለቻቸው በኋላ በመሣሪያው ላይ «3 ሰዓት ፒ ኤም» ብላ ጻፈች። መሣሪያው ሰዓትን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምሮ ስለ ሆነ፥ ይህ የጻፈችው በኛ አቈጣጠር የቀኑ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ዐይነት ከልጆቹ ላይ 6 ሰዓት ተቈረጠ፤ በማታ የላኩት ሁሉ ዘግይተው እንዳስረከቡ ተጻፈባቸው። እርስዋም መዝገቡን አምና ነጥብ ቀነሰች።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ጽሕፈት የቀረበበትን ሰዓት መዝግቦ መያዝ የዕለት ሥራዬ ነው። ነገር ግን ዳኛው ባለጉዳዩን «ስለ ምን ዘገየህ?» ብሎ ሳይጠይቅ መዝገቡን አይዘጋም። ይህንኑ ባነሣባት፥ «ተማሪ ምክንያት አያጣም» ብላ ዘጋችኝ።

በማግስቱ ማታ አንዲት ልጅ በማስታወሻው ስፍራ እንዲህ ብላ ጻፈችላት፦ «ቲቸር፥ አባቴ ከሥራ የሚገቡት ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ስልክ የለኝም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልኬ ነበር።» ባለቤቴ ይህን አንብባ ሰዓቱን መልሳ ተመለከተች፤ ብዙም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ እራት አልቀመሰችም።

በነጋው በክፍሉ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች፥ የቀነሰችውንም ነጥብ ለሁሉም መለሰች። ይህ የመምህርን ክብር ያጐድላል የሚሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ እኔ ግን አከበርኋት።

አባቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ማታ ስልካችሁን ሲለምን ለጨዋታ ነው ብላችሁ አትቈጡ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ያቺ ልጅ አባቷ ጫማቸውን ሳያወልቁ ስልኩን ይሰጧት እንደ ነበር በኋላ ሰምተናል።

አሁን ባለቤቴ የማስረከቢያውን ሰዓት በሁለቱም አቈጣጠር ትጽፋለች፤ ቀኑንም እስከ ማግስቱ ማታ ታራዝማለች። ከቤታቸው ምንም ስልክ ለሌላቸው ልጆች ጥያቄውን በወረቀት ትሰጣለች፤ ስለዚህ ከረጢቱ ቢቀልም አልቀረም።